በቤቶቻችን ውስጥ ስለተሰወረው ርጥበት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በጎንደር ከተማ የተደረገ ንግግር)



የስብሰባው አዘጋጆች በዚህ መድረክ ንግግር እንዳደርግ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ የምናገር መስሏቸው እንደ ነበር ከሁኔታቸው ተረድቻለሁ። ርእሴ ሻጋታ መሆኑን ስነግራቸው ከመካከላቸው አንዱ፣ «ይህ የቤት እመቤቶች ጉዳይ አይደለምን?» ሲል በቀልድ ጠየቀኝ። ቀልዱን በቀልድ አለፍኩት። በኋላ ሳስበው ግን ሰውየው ሳያስበው እውነት ተናግሯል። እኛ መሐንዲሶች የሠራነውን ቤት ካስረከብን በኋላ ተመልሰን የምንጎበኘው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ግድግዳው በሦስተኛው ክረምት ምን እንደሚሆን ከእኛ ይልቅ አሳምራ የምታውቀው የቤት እመቤቷ ናት። ዛሬ የምነግራችሁን አብዛኛውን ነገር ያስተማሩኝም ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ ሰዎች ናቸው።

ነገሬን ከአንድ ጣራ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ወሩ ኅዳር ነበር፣ ደባርቅ የሚኖር አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ስልክ ደውሎ ጣራው እንደሚያፈስበት ነገረኝ። ደባርቅ ከጎንደር ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ከተማ መሆኑን ታውቃላችሁ። በኅዳር እዚያ ዝናብ የለም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ የሌሊቱ ብርድ ግን አጥንት ይሰብራል። ጓደኛዬ አናጢ አምጥቶ የቆርቆሮውን ምስማር ሁሉ እንደገና አስመትቷል፤ ኮልሞውን አስነሥቶ በአዲስ አስገጥሟል፤ ቀዳዳ በተጠረጠረበት ሥፍራ ሁሉ ሬንጅ አስቀብቷል። ጣራው ግን በክረምት ጠብ ሳይል ከርሞ በበጋ ያፈሳል። «ቤቱ የተገላቢጦሽ ሆኖብኛል» አለኝ።

ሄድኩና አደርኩ። ማደሬ መልካም ሆነ፤ ምክንያቱም ቀን ደርሼ ብመለስ ኖሮ እኔም እንደ አናጢው ቀዳዳ ስፈልግ እውል ነበር። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ የእጅ ባትሪ ይዤ፣ መሰላል ተደግፌ በኮርኒሱ መውጫ በኩል ወደ ጣራው ሥር ገባሁ። የቆርቆሮው የውስጥ ፊት ከዳር እስከ ዳር ሩጫ ሮጦ እንደቆመ ፈረስ ወዝቶ ነበር። ጠብታዎቹ በቆርቆሮው ሸንተረር እየተንከባለሉ ወደ ታች ይወርዱና ከግድግዳው አናት ሲደርሱ ወደ ጭቃው ይሰርጋሉ። ከመኝታ ቤቱ ማዕዘን፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ወገብ ድረስ በሻጋታ ጠቁሮ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ውኃው ከሰማይ አልመጣም። የመጣው ከቤተሰቡ ትንፋሽና ከድስቱ እንፋሎት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ተኝቶ ሳለ በሰዓት 40 ግራም ያህል ውኃ በትንፋሹና በላቡ ወደ አየር ይለቃል። አምስት ሰዎች በአንድ ክፍል ስምንት ሰዓት ቢተኙ ከአንድ ሊትር ተኩል የማያንስ ውኃ አየሩ ውስጥ ገባ ማለት ነው። የራቱ ማብሰያና የልብሱ መታጠቢያ ሲጨመር ደግሞ ሌላ ይሆናል። ብርዱ እንዳይገባ በሩና መስኮቱ በጨርቅ ተጠቅጥቋልና ይህ ሁሉ እንፋሎት መሄጃ ሲያጣ በኮርኒሱ ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል። ቆርቆሮው በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከውጭው አየር ይልቅ እንኳ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ፣ አንጻራዊ ርጥበቱም 60 በመቶ የሆነ የክፍል አየር፣ 12 ዲግሪ ያህል ከቀዘቀዘ ነገር ጋር ሲገናኝ ውኃውን መጣል ይጀምራል። የደባርቅ ቆርቆሮ በኅዳር ሌሊት ከ12 ዲግሪ እጅግ ዝቅ እንደሚል ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻኝም።

መፍትሔው ሬንጅ አልነበረም። በጣራውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲነፍስ በሁለቱም የጣራ ግንባሮች ላይ ወንፊት የተወጠረበት ቀዳዳ አስከፈትን፤ የኮርኒሱን ስንጥቆች ደፈንን፤ ማብሰያውንም ወደ ጓሮ አወጣነው። የጓደኛዬ ባለቤት ነገሩን ስትሰማ፣ «አያ፣ በብርድ አገር ቀዳዳ ክፈቱ ትላለህ እንዴ?» ብላ ሞግታኝ ነበር። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ቀዳዳው ከኮርኒሱ በላይ በመሆኑ ብርዱ እዚያው ላይ እንደሚቀር ለማሳመን ግን አንድ ሳምንት ያህል በስልክ መከራከር አስፈልጎኛል።

እዚህ ላይ ስለ ሣር ቤት አንድ ነገር ልበል። በወገራም ሆነ በሰሜን ተራሮች የኖሩ አባቶቻችን ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ጣጣ እምብዛም አልነበረም። የሣር ክዳን እንደ ቆርቆሮ አይቀዘቅዝም፤ እንፋሎትንም በመጠኑ ያስወጣል። ከሁሉ በላይ ምድጃው በቤቱ መካከል ሌትና ቀን ስለሚጤስ ግድግዳውንም ክዳኑንም ያደርቃል። ይህን የምለው ወደ ጢስ ቤት እንመለስ ለማለት አይደለም፤ ያ ጢስ የስንቱን እናት ዓይንና ሳንባ እንዳበላሸ እናውቃለን። የምለው፣ ጢሱን ስናስወጣ የቤቱን ማድረቂያም አብረን አስወጥተናል፤ በምትኩ ምን እንዳስገባን ግን አልጠየቅንም። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው ወደ ደባርቅ በተዛወሩ ጊዜ ስለ ካሣና ስለ ግጦሽ ብዙ ተባለ። ከሣር ክዳን ሥር ወደ ቆርቆሮ ክዳን ሥር የሚገባ ቤተሰብ እንዴት ማብሰልና እንዴት መተኛት እንዳለበት የሚመክር ከእኛ ሙያ አንድ ሰው ቢኖር መልካም ነበር እላለሁ።

አሁን ወደ ጎንደር ከተማ ልመለስ፤ ከዚህ በኋላ የማወራው የራሴን ስሕተት ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከፒያሳ ወደ ታች ባለ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እማሆይ የግድግዳቸውን ርጥበት እንዳይላቸው አስጠሩኝ። ቤቱ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ የግድግዳው ውፍረት 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የቆየ የጎንደር ቤት ነበር። የምድር ቤቱ የኋላ ግድግዳ እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቧል፤ የጭቃ ምርጊቱም እየተፈረፈረ ይወድቃል። እኔ አየሁ፤ በጣቴም ነካሁ፤ ወዲያውም ፈረድኩ። ምርጊቱ ተፍቆ ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ እንዲለሰን፣ ውስጡም እስከ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ በዘይት ቀለም እንዲቀባ አዘዝኩ። እማሆይ የዕቁብ ገንዘባቸውን ሰጡን። ሥራው ሲያልቅ ግድግዳው እንደ መስተዋት አበራ፤ እሳቸውም መረቁኝ። ያን ምርቃት ሳስታውስ ዛሬም ያፍረኛል።

በመጀመሪያው ክረምት ምንም አልታየም። በሁለተኛው ክረምት ከዘይት ቀለሙ መስመር በላይ፣ ማለትም ቀድሞ ደረቅ በነበረው ቦታ፣ ነጭ ጨውና ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ። በሦስተኛው ክረምት እማሆይ የሚተኙበት የፎቁ ወለል በአንድ ወገን ዘቀጠ። ወለሉን የተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች በግድግዳው ውስጥ የተቀበሩበት ጫፋቸው ሁሉ በስብሶ፣ በእጅ ሲያዝ እንደ እርጥብ ዳቦ ይፈረፈር ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም፤ አልጋው ብቻ ተንሸራትቶ ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። እሳቸው ግን በማግሥቱ ወደ ልጃቸው ቤት ወደ አዘዞ ሄዱ።

ወለሉን ላይ ስመጣ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አልተቆጡም። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ግድግዳው እኮ ድሮም ክረምት ክረምት ያልበው ነበር። ግን በጋ ሲሆን ይደርቅ ነበር።»

ጓደኞቼ፣ አራት ዓመት ተኩል የተማርኩት ትምህርት በዚህች ዓረፍተ ነገር ፊት ቆሞ የሚመልሰው አጣ። እኔ የጠየቅሁት ርጥበቱ የት እንዳለ ነበር። መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ፣ ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚወጣ አልጠየቅሁም። ውኃው የሚመጣው ከቤቱ ጀርባ ካለው ዳገት ነበር። ጓሮው በየክረምቱ ጎርፍ ባመጣው አፈርና በላዩ በተነጠፈው ድንጋይ ከፍ እያለ ሄዶ ከቤቱ ወለል በላይ ሁለት ስንዝር ያህል ደርሷል። ጣራውም በዚያ ወገን አሸንዳ የለውም። ሒሳቡን በኋላ ሠራሁት፤ 60 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,800 ሊትር ነው። ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ ከተማ ሲሆን ትልቁ እጅ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ይህ ሁሉ ውኃ ከግድግዳው ሥር ሲጠራቀም፣ የጭቃው ምርጊት የገባውን በበጋ ፀሐይ መልሶ ያወጣው ነበር። እኔ መውጫውን በሲሚንቶና በዘይት ቀለም ዘጋሁበት። ውኃውም ወደ ላይ ወጥቶ እንጨቱን አገኘ።

ይህ ትምህርት ለጎንደር አዲስ አልነበረም፤ ይህም ይበልጥ ያሳፍረኛል። ከዚህ አዳራሽ በእግር ጥቂት ርቆ የሚገኘው የፋሲል ግንብ በጥቁር ድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደርን በያዙበት ዘመን ግንቦቹን በሲሚንቶና በአርማታ ጠገኑ፤ ከዓመታት በኋላ በተደረገው ጥገና ግን ለግንቡ የማይስማማው ሲሚንቶ እየተነሣ በቀድሞው ዓይነት በኖራ ተተክቷል። ኖራ ይተነፍሳል፤ ከድንጋዩና ከመሠረቱ ጋርም በመጠኑ ይተጣጠፋል። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ እንፋሎት እንደ ልብ አያሳልፍም። በተማሪነቴ በግንቡ አጠገብ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ እኔው አውቃለሁ። ሲሚንቶን መንቀፌ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ፤ በብሎኬትና በአርማታ ለተሠራ ቤት ሲሚንቶ ቦታው ነው። ከጭቃና ከድንጋይ ጋር ሲጋባ ነው ትዳሩ የማይሰምረው።

ከዚያ ወዲህ ወደ አንድ ቤት ስጠራ መጀመሪያ መሣሪያ አላወጣም። ቡና እስኪፈላ ተቀምጬ ስለ ወራቱ እጠይቃለሁ። ዝናብ በጀመረ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚታይ ርጥበት ከጣራ፣ ከአሸንዳ ወይም ከግድግዳ ስንጥቅ የመጣ ነው። ክረምቱ ከገፋ በኋላ በነሐሴ ታይቶ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ድረስ የማይለቅ ከሆነ ከመሬት ወይም ከዳገት የሚሰርግ ነው። በበጋ ጧት ጧት ታይቶ ረፋድ ላይ የሚጠፋው የትንፋሽ ጤዛ ነው። ክረምትና በጋ የማያውቅ ርጥበት ደግሞ ከቧንቧ ወይም ከመጸዳጃ ቤት ነው። ይህን ጥያቄ ከቤቱ ባለቤት ይልቅ ለሠራተኛዋ ወይም ለአያቲቱ ማቅረብ ይሻላል፤ ቤት የሚውሉት እነሱ ናቸውና።

ቀጥሎ አፍንጫ ነው። የተዘጋ ክፍል በተከፈተ ቅጽበት የሚሰማው የምድር ቤት ሽታ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይለመድና አይሰማም፤ ስለዚህ ሽታውን የማሸተው መጀመሪያ ስገባ ነው። ከዚያ ቁም ሳጥኑን አስነሣለሁ፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕልና መጋረጃ አነሣለሁ፤ የሴራሚኩን ዞኮሎ እመለከታለሁ። ልስኑን በጣቴ አጥንት ሳንኳኳው እንደ ባዶ እንስራ የሚጮህ ከሆነ ከግድግዳው ለቋል ማለት ነው፤ ከኋላው ብዙ ጊዜ ጨው ይገኛል። ምስጥ ያለበትንም ቦታ ልብ እላለሁ፤ ምስጥ ርጥበትን ከእኛ ቀድሞ ያገኛል።

ርጥበቱ ከክፍሉ አየር ይሁን ከግድግዳው ውስጥ የሚለይ፣ ከአንድ ላስቲክ በቀር ወጪ የሌለው ፈተና አለ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ በግድግዳው ላይ አራቱም ጎኑ በፕላስተር ተጣብቆ ሁለት ቀን ይቆይ። ጠብታው በላስቲኩ ላይ፣ በክፍሉ ወገን ከተገኘ ውኃው የአየር ነው። ከላስቲኩ ሥር፣ በግድግዳው ወገን ከተገኘ የግድግዳው ነው። በሁለቱም ወገን የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ሁለት ነው ማለት ነው፤ ይህም እምብዛም ብርቅ አይደለም።

ስለ ዘመናዊ መሣሪያዎች ብዙ ልነግራችሁ እችል ነበር፤ ነገር ግን ከተስፋ ይልቅ ማስጠንቀቂያ ይዣለሁ። ሁለት መርፌ ያለው የርጥበት መለኪያ በብዛት የተመዘነው ለእንጨት ነው። ለእንጨት መልካም ነው፤ ንባቡ ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ የመበስበስ አደጋ አለ። በጭቃና በድንጋይ ላይ ግን የሚያሳየው ቁጥር መቶኛ አይደለም፤ ጨው ካለበት ደግሞ ደረቁን ግድግዳ ረጥቧል ይላል። ሙቀት የሚያሳየው ካሜራም እንዲሁ ሙቀትን እንጂ ውኃን አያይም። የሚተን ውኃ ግድግዳውን ስለሚያቀዘቅዘው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን ነፋስ የሚገባበት ስንጥቅም ሰማያዊ ነው፣ ቀጭን ግድግዳም ሰማያዊ ነው። ካሜራው የት መሰርሰር እንዳለብን ይጠቁመናል፤ መሰርሰሩን አያስቀርልንም።

እኔ የምተማመነው በሚዛን ነው። አሠራሩን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ማንም ወጣት መሐንዲስ ነገ ሊሠራው ይችላልና። ከወለሉ በላይ በ10፣ በ50፣ በ100 እና በ150 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ግድግዳው በዝግታ ይሰረሰራል፤ መሰርሰሪያው ከፈጠነ ሙቀቱ ውኃውን ያተናል። ከየቀዳዳው ከላይኛው 3 ሳንቲ ሜትር የወጣው ዱቄት ለብቻ፣ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ከጠለቀው የወጣው ለብቻ፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የማርማላታ ጠርሙስ ይቀመጣል። ከዚያ ይመዘናል፤ እኔ በመጀመሪያ የተጠቀምኩት በአራዳ ካለ ወርቅ ሠሪ በተዋስኩት ሚዛን ነው። በ105 ዲግሪ ምድጃ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይደርቅና እንደገና ይመዘናል። 100 ግራም የነበረው 92 ግራም ከሆነ 8 ግራም ውኃ ነበረው፤ በደረቁ ክብደት ሲካፈል 8.7 በመቶ ይሆናል። ጄሶ ያለበትን ናሙና ግን በ105 ዲግሪ አታድርቁ፤ ጄሶ የተፈጥሮ ውኃውን ስለሚለቅ ግድግዳው ሳይረጥብ ረጥቧል ትላላችሁ። እርሱን ከ45 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ረዘም አድርጎ ማድረቅ ነው።

የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ራሱ ይናገራል። ከታች በዝቶ ወደ ላይ እየቀነሰ ከሄደ ውኃው ከመሬት የሚሳብ ነው። ከላይ በዝቶ ወደ ታች ከቀነሰ ጣራውን እንመልከት። ላዩ ረጥቦ ውስጡ ከደረቀ ጤዛ ነው። በመካከል በአንድ ቦታ ብቻ ከበዛ ቧንቧ እንፈልግ። የእማሆይን ግድግዳ ያኔ እንዲህ መዝኜ ቢሆን ኖሮ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

በወገራና በዳባት ገጠር የሚያጋጥም አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። በብርዱ ምክንያት ከብቶች ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ የብዙ ዓመት ሽንትና እበትም ናይትሬት የሚባለውን ጨው በግድግዳው ውስጥ ያስቀምጣል። ይህ ጨው ከአየር ውኃ ይስባል። ባለቤቱ ከብቶቹን አስወጥቶ ያንን ክፍል የእንግዳ መቀበያ ወይም ሱቅ ሲያደርገው፣ ጣራው ሳያፈስ መሬቱም ሳይረጥብ ግድግዳው በክረምት ይረጥባል። አንዳንዱ ቤቱን መተት አድርገውበት ነው ይላል። መለያው ቀላል ነው፤ የደረቀውን ናሙና ከረጠበ የገበታ ጨው ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ማስቀመጥ ነው። በዚያ ዕቃ ውስጥ ያለው አየር 75 በመቶ ያህል ርጥበት ይይዛል። ናሙናው ያጣውን ውኃ ከዚያ አየር መልሶ ከሳበ ጥፋተኛው ጨው ነው። የተበከለው ምርጊት ተፍቆ ከግቢ ይውጣ፤ በአዲስ ጭቃ ወይም በኖራ ይተካ። አሮጌውን ምርጊት አቡክቶ መልሶ መለጠፍ ግን፣ ቁጠባ ቢመስልም፣ ጨውን መልሶ መለጠፍ ነው።

ስለ ቧንቧ ጥቂት ብቻ። የቆጣሪ ፈተናን ሁላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ከዞረ የሚፈስ አለ። በከተማችን ግን ውኃ በፈረቃ የሚመጣ በመሆኑ ውኃ በሌለበት ሰዓት የተደረገ ፈተና ሐሰት ነው። ብዙ ጊዜም ውኃው ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ይመጣል፤ ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ይሞላል፤ የሚዘጋው ኳስ ከተበላሸ እስኪነጋ በግድግዳው ላይ ይፈሳል፤ ጧት ሲታይ ዱካው የለም።

ስለ ጤናም የሐኪሞችን ድርሻ ሳልነጥቅ አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለአስምና ለመተንፈሻ አካል ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ገልጿል፤ ይህን ያህል ሻጋታ አይጎዳም የሚል የቁጥር ልክ ግን አላስቀመጠም። ስለዚህ የሻጋታውን ዓይነት ለማወቅ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መላክ ለአብዛኛው ቤት ትርፍ ወጪ ነው። ጥቁርም ይሁን አረንጓዴ ምግቡ ውኃ ነው። በበረኪና መጥረግም ለተለሰነ ግድግዳ የአንድ ወር ዕረፍት ነው፤ ቀለሙ ይነጣል፤ ሥሩ ይቀራል፤ የበረኪናው ውኃም ወደ ግድግዳው ይገባል። ከሁሉም የከፋው በሻጋታው ላይ ቀለም መቀባት ነው፤ በተለይ ለሽያጭ ወይም ለኪራይ የተዘጋጀ ቤት በመስከረም ወር አዲስ ቀለም የተቀባ እንደ ሆነ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሳያዩ መፈረም አይገባም።

አሁን የእማሆይ ቤት ምን ላይ እንዳለ የምትጠይቁኝ ይመስለኛል። የገዛ ገንዘቤን ጨምሬ፣ ከሁለት የሙያ ጓደኞቼም ጋር ሆኜ የሲሚንቶውን ልስንና የዘይት ቀለሙን አስፈቅቻለሁ። የጓሮው አፈር ከወለሉ በታች እስኪሆን ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ከግድግዳው ራቅ ብሎም በድንጋይ የተሞላ የውኃ መሄጃ ቦይ ተሠርቷል። ጣራው አሸንዳ አግኝቷል። የበሰበሱት አግዳሚዎች ተለውጠዋል፤ የአዲሶቹ ጫፍ አየር እንዲያገኝ በዙሪያቸው ክፍተት ተትቷል። ግድግዳው ግን ገና አልተመረገም። አንድ ግድግዳ በየወሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይደርቃል የሚል የልምድ ሒሳብ አለ፤ 60 ሳንቲ ሜትሩ ግድግዳ ከሁለት ወገን ቢደርቅ አንድ ዓመት ይፈጃል ማለት ነው። ይህ ሒሳብ የጎንደርን ክረምት አያውቅም። በየሦስት ወሩ እየሄድኩ እሰረስራለሁ፤ እመዝናለሁ። ከአንድ ሜትር በላይ ያለው ደርቋል፤ ከታች ያለው ይቀረዋል።

ከምዘናው በኋላ ወደ አዘዞ ወርጄ ውጤቱን ለእማሆይ እነግራቸዋለሁ። ቁጥሩን አይጠይቁኝም። «ደረቀልህ?» ይሉኛል። «ገና ነው እማሆይ» እላቸዋለሁ። ያለፈው ጊዜ፣ «እንግዲህ እኔም እየደረቅሁ ነው፤ ማን ይቀድም ይሆን?» ብለው ሳቁ። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ በመጪው ጥር ነው፤ በምርጊት ሥራ የሰለጠነ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ ብታገናኙኝ ውለታችሁ ይከፍለኛል።